በጋልቨስተን ወሽመጥ ትራውት ማጥመድ፦ ካፒቴን ቀጥሮ ለሚወጣ ሰው

ከሂዩስተን ወደ ደቡብ ምሥራቅ 50 ማይል ያህል ሲወርዱ የሚደርሱበት የጋልቨስተን ወሽመጥ ስፋቱ 600 ካሬ ማይል ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 7 ጫማ ግድም ብቻ ነው። ከሥሩ ጭቃ፣ አሸዋና የኦይስተር ዛጎል ክምር አለ። ቴክሳሶች «ስፔክ» እያሉ የሚጠሩት ስፔክልድ ትራውት ዓመቱን ሙሉ እዚህ ይኖራል። ካፒቴን መቅጠር ዓሣው ያለበትን ቦታ የመፈለጉን ጣጣ ያስቀራል፤ ዓሣውን ጀልባ ውስጥ የሚያስገባው ግን ዘንጉን የያዘው ሰው ነው። ከመንጠቆ የሚያመልጥ ትራውት በአብዛኛው የሚያመልጠው ክሩ ስለላላ ወይም እጅ ስለከበደ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ጠዋት ሊታረሙ ይችላሉ።

ዓሣው ምን ዓይነት ነው

ትራውት ይባል እንጂ በባሌ ተራሮች ወንዞች ካለው ትራውት ጋር አይዛመድም። ድራም ከሚባሉት የባሕር ዓሦች ወገን ነው፤ ወንዱ በመራቢያ ወራት የአየር ከረጢቱን እያንቀጠቀጠ ድምፅ ያሰማል። ጀርባው፣ የጀርባ ክንፉና ጅራቱ ላይ ጥቁር ክብ ነጠብጣቦች አሉት፤ ከላይኛው መንጋጋው ፊት ለፊት ደግሞ ሁለት ረዘም ያሉ ሹል ጥርሶች ይታያሉ።

ለአጥማጅ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ይህ ዓሣ የሚያድነው ወደ ላይ እያየ ነው፤ ስለዚህ ምግቡ ከዓይኑ በላይ እንጂ ከሆዱ በታች መሆን የለበትም። የአፉ ጎንና ጎን ስስ ሽፋን ስለሆነ በኃይል ከሳቡት ይቀደዳል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ክሩ ለአንድ አፍታ ከላላ መንጠቆው ይወድቃል። የሚሄደውም ሽሪምፕና ትንንሽ ዓሦች ወደሚሄዱበት ነው። ካፒቴኑ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ይህንን እንቅስቃሴ ነው።

ቀኑንና ወሩን መምረጥ

ከማርች እስከ ሜይ ውኃው ሲሞቅ ትራውት ወደ ጥልቀት የሌላቸው ዳርቻዎች ይወጣል። ችግሩ በእነዚህ ወራት ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ነው። ነፋሱ በሰዓት ከ20 ማይል ሲያልፍ ወሽመጡ ይደፈርሳል፤ ጥሩ ካፒቴን ያን ጊዜ ወይ ነፋስ የማይደርስበት ጥግ ይፈልጋል፣ ወይ ቀኑን ይለውጣል። «ነፋስ ቢኖርም እንወጣለን» ከሚል ሰው ይልቅ «ለሐሙስ እናሸጋግረው» የሚለውን እመኑት።

ከጁን እስከ ኦገስት ዓሣው ከሙቀቱ ሸሽቶ ከ6 እስከ 10 ጫማ ጥልቀት ባላቸው የዛጎል ክምሮች፣ በመርከብ መተላለፊያው ጠርዝና ወሽመጡ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በሚገናኝበት በድንጋይ ግድቦቹ አካባቢ ይሰበሰባል። ሥራው ከጎሕ መቅደድ እስከ ረፋድ ነው። በጁን ወር ካፒቴኑ «5:30» ካለ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11፡30 መሆኑ ነውና ከዚያ አይዘግዩ፤ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ተኩል ከቀሪው ቀን ሁሉ ይበልጣል።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር ያለው ጊዜ ነው። ቀዝቃዛው የሰሜን ነፋስ መምጣት ሲጀምር በረግረጉ ውስጥ ያደገው ነጭ ሽሪምፕ ወደ ወሽመጡ ይወጣል፤ ትራውቱ ከሥር ሽሪምፑን ወደ ላይ ሲያባርር የባሕር ወፎች ከላይ ይወርዱበታል። የወሽመጡ ክንዶች በሆኑት በኢስት ቤይና በትሪኒቲ ቤይ ወፍ ተከትሎ ማጥመድ የዚህ ወቅት ነገር ነው። ልብ ይበሉ፦ ወፎቹ ውኃው ላይ ዝም ብለው ከተቀመጡ መንጋው ሄዷል ወይም ጠልቋል። እየጮኹ በአንድ ቦታ ላይ የሚወረወሩትን ነው መከተል። ካፒቴኑ በሞተር መሐላቸው አይገባም፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አቁሞ ጀልባው በራሱ እየተንሳፈፈ እንዲደርስ ያደርጋል። ሞተሩን ለምን አጠፋ ብለው አይቸኩሉ።

ወፍ በሌለበት ጊዜ ካፒቴኖች የሚፈልጉት ውኃው ላይ ድንገት የሚወጣ ቅባታማ ለስላሳ ክብ ነው። ትራውቶች ሲበሉ የሚተፉት ቅባት ነው፤ ሽታው ሐብሐብ ይመስላል። ክቡ ትንሽና ጠርዙ ያልተበተነ ከሆነ ዓሣው እዚያው ከሥሩ አለ፤ ከተንጣለለና ከተበተነ ነፋስ ከሌላ ቦታ አምጥቶታል ማለት ነው።

ክረምቱ፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ የታጋሽ ሰው ነው። የሰሜን ነፋስ ውኃውን ከወሽመጡ ገፍቶ ያወጣዋል፤ ዓሣው ጭቃማ ሥር ባለው ጠለቅ ያለ ቦታ ይሰበሰባል፣ የሚነክሰውም ፀሐይ ውኃውን ካሞቀች በኋላ ከሰዓት ነው።

ሌላው ጉዳይ ዝናብ ነው። የትሪኒቲ ወንዝ ሲሞላ ጣፋጩ ውኃ የላይኛውን ወሽመጥ ይይዝና ትራውቱን ወደ ታች፣ ጨው ወዳለበት፣ ይገፋዋል። በ2017 ሃሪኬን ሃርቪ ካወረደው ዝናብ በኋላ የሆነው ይኸው ነው። ከትልቅ ጎርፍ በኋላ በሳምንቱ ቀጠሮ ካለዎት ካፒቴኑ ከየትኛው ወደብ እንደሚነሣ እንደገና ይጠይቁ።

የውኃው መሙላትና መጉደል እዚህ ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ጫማ። ከፍታው ሳይሆን እንቅስቃሴው ነው ዋናው። ውኃው ከቆመ ዓሣው መብላት ያቆማል፤ መፍሰስ ሲጀምር ይጀምራል። ለዚህ ነው ካፒቴኑ አንዳንዴ ምንም በማይነክስበት ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት የሚጠብቀው።

ከመክፈልዎ በፊት የሚጠየቅ

ካፒቴኑ ሁለት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፦ ከአሜሪካ ኮስት ጋርድ የካፒቴንነት፣ ከቴክሳስ ደግሞ የዓሣ ማጥመጃ መሪነት። በተለመደው የካፒቴን ፈቃድ እስከ 6 ከፋይ ሰው መጫን ይፈቀዳል፤ ሆኖም 24 ጫማ በሆነ የወሽመጥ ጀልባ ላይ ከ4 በላይ ሰው ሆኖ መወርወር መንጠቆ ወደ ጆሮ መጋበዝ ነው። ለ3 ሰው በጣም ይመቻል።

ማጥመጃ ምግቡ፣ በረዶው፣ ዘንጎቹና ዓሣ ማጽዳቱ ከዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። በተለይ በሕይወት ያለ ሽሪምፕ ብዙ ጊዜ ለብቻ ይታሰባል። አየሩ ከተበላሸ ቅድሚያ ክፍያው ይመለስ ወይም ወደ ሌላ ቀን ይዛወር እንደሆነ በጽሑፍ ይያዙ። ጉርሻ ከ15 እስከ 20 በመቶ የተለመደ ነው፤ ዓሣ ባይገኝም ካፒቴኑ ጥሮ ከሆነ ይገባዋል።

የራስዎን የማጥመጃ ፈቃድ የጨው ውኃ ተጨማሪውን ጨምረው አስቀድመው ይግዙ፤ የካፒቴኑ ፈቃድ እርስዎን አይሸፍንም። ከ17 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አያስፈልጋቸውም። ለአንድ ቀን ብቻ የሚሆን ፈቃድም አለ።

ዘንግና ክር

የካፒቴኑ ዕቃ በአብዛኛው ይበቃል። የራሱን ለሚያመጣ ግን ልኩ ይህ ነው፦ ከ6 ጫማ ተኩል እስከ 7 ጫማ የሆነ፣ ጫፉ የሚታጠፍ ቀላል ዘንግ፤ 2500 ወይም 3000 ቁጥር ሪል፣ ማለትም ክር መጠቅለያ፤ ከ10 እስከ 15 ፓውንድ የሚችል የተሸረበ ክር፤ ከእሱ ጫፍ ላይ 20 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን የሚባል ጠንካራ የፕላስቲክ ክር፣ ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ጫማ። ፍሎሮካርቦኑ የሚያስፈልገው ዛጎሉ የተሸረበውን ክር ወዲያው ስለሚቆርጠው ነው። ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ የመጨረሻውን አንድ ጫማ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ሻካራ ከሆነ ቆርጠው እንደገና ይሰሩ። ይህን ያልሠራ ሰው ትልቁን ዓሣ በኋላ ያጣዋል።

ድራጉን፣ ማለትም ሪሉ ክር የሚለቅበትን ውጥረት፣ ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ላይ ያድርጉት። የተሸረበ ክር አይለጠጥምና ድራጉ ከጠበቀ ጫናው በቀጥታ የዓሣው ስስ አፍ ላይ ያርፋል። በእጅዎ ሲስቡት ያለ መንገጫገጭ እየተቃወመ የሚወጣ ከሆነ ልክ ነው።

የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ዲት (DEET) የሚባል ኬሚካል ያለበት ከሆነ እጅዎን ታጥበው ዕቃውን ይንኩ። ዲት የፕላስቲክ ማባበያውን ያቀልጠዋል።

ቡሹን መጠቀም

ካፒቴኖች ለአዲስ ሰው መጀመሪያ የሚሰጡት ከላይና ከታች ዶቃ ያለው፣ ሲመታ ድምፅ የሚያሰማ ተንሳፋፊ ቡሽ ነው። ከቡሹ ሥር የፍሎሮካርቦን ክር፣ ጫፉ ላይ ትንሽ መንጠቆ፣ መንጠቆው ላይ በሕይወት ያለ ሽሪምፕ። ሽሪምፑ ከራሱ ላይ ባለው ቀንድ ሥር ይሰካል፤ በቅርፊቱ ውስጥ የሚታየውን ጥቁር ነጥብ መንጠቆው መንካት የለበትም፣ ከነካው ወዲያው ይሞታል። የሞተ ሽሪምፕ የሚሰበስበው ትራውትን ሳይሆን ቅርፊት የሌለውን ካትፊሽ ነው።

የክሩ ርዝመት የውኃው ጥልቀት ነው የሚወስነው። ውኃው 4 ጫማ ከሆነ ሽሪምፑ ከዛጎሉ ከፍ ብሎ እንዲንጠለጠል 3 ጫማ ያህል ይበቃል። ረጅም ከሆነ ዛጎል ላይ ይጠመዳል። ጥልቀቱ ከ6 ጫማ ሲያልፍ ይህ ቡሽ ለመወርወር አይመችም፤ ክሩ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተው ቡሽ ይሻላል።

ጀልባው እየተንሳፈፈ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይወርውሩ፤ ያ ውኃ ገና አልተረበሸም። ውኃ ላይ ሲያርፍ ክሩን ቀጥ እስኪል ይጠቅልሉ። ከዚያ የዘንጉን ጫፍ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን በአጭሩ ይምቱት፦ «ጭቅ» የሚል፣ ሽሪምፕ የሚበላ ዓሣ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ይወጣል። ቡሹን አንድ ክንድ ያህል መጎተት ስሕተት ነው፣ ሽሪምፑን ከዓሣው ፊት ይወስደዋል። ከምቱ በኋላ የላላውን ክር ይሰብስቡና ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይቆዩ። ንክሻው የሚመጣው በዝምታው ውስጥ ነው፤ ሳያቋርጡ የሚመቱ ሰዎች የማያገኙት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጀልባው ወደ ቡሹ እየቀረበ ስለሆነ ክሩ በየሰከንዱ እየላላ ነው። ነፋሱ ደግሞ የላላውን ክር ቀስት አድርጎ ይወስደዋል። በዚያ ሁኔታ ቡሹ ሲሰምጥ ዘንጉን ቢነቀንቁ የሚጎትቱት ክሩን ነው እንጂ ዓሣውን አይደለም። ስለዚህ ቡሹ ሲጠፋ በቅድሚያ ዘንጉን ዝቅ አድርገው በፍጥነት ይጠቅልሉ፤ ክብደት ሲሰማዎት ብቻ ዘንጉን ረጋ ባለ ረጅም እንቅስቃሴ ከፍ ያድርጉ። ክብ መንጠቆ ከሆነ ያም አያስፈልግም፣ መጠቅለሉ ራሱ ከአፉ ጠርዝ ላይ ይሰካዋል።

ለስላሳ ማባበያ

ከ3 እስከ 5 ኢንች የሆነ ለስላሳ ፕላስቲክ እርሳስ ራስ ባለው መንጠቆ፣ ማለትም በጂግ፣ ላይ ሲሰካ ብዙ ውኃ ለመሸፈን ይጠቅማል። የጂጉ ክብደት በውኃው ጥልቀት ይወሰናል፦ ከ3 ጫማ በታች 1/16 አውንስ፣ ከ3 እስከ 5 ጫማ 1/8፣ ከዚያ በላይ ወይም ፍሰቱ ሲበረታ 1/4። አልፎ አልፎ ሥሩን ካልነካ ቀሏል፤ ሁልጊዜ ዛጎል ከያዘ ከብዷል። ፕላስቲኩ መንጠቆው ላይ ቀጥ ብሎ መግባት አለበት፤ ከተጣመመ ውኃ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ክሩንም ይገምደዋል።

ሁለቴ ነቅነቅ፣ ከዚያ እንዲወርድ መተው። ሲወርድ ክሩ ቀጥ ሊል ይገባል እንጂ መወጠር የለበትም። ትራውት የሚይዘው በመውረዱ ላይ ነው፣ ስሜቱም አንዲት ትንሽ «ጠቅ» ናት። በክረምት ቀስ፣ በሙቀት ፈጠን። ጥርት ባለ ውኃ ፈዛዛ ቀለም፣ በደፈረሰ ውኃ ጅራቱ ደማቅ የሆነ ጥቁር መሰል ቀለም ይመረጣል።

በሞቃታማዎቹ ወራት ብዙ ካፒቴኖች ክሮከር የሚባለውን ትንሽ ዓሣ በሕይወት እንዳለ ይጠቀማሉ። ትልልቅ ዓሣ በማምጣት የሚወዳደረው የለም። ግን ዓሣው ጠልቆ ይውጠዋል፤ ሊለቀቅ የሚገባውም ይሞታል። የሚፈቀደው ቁጥር ትንሽ ስለሆነ በማባበያ ማጥመዱን እንመርጣለን።

ዓሣው ከተያዘ በኋላ

ትራውት ውኃው ላይ ወጥቶ ራሱን ያራግፋል። ያኔ ዘንጉን ወደ ሰማይ ከማንሣት ይልቅ ወደ ጎን ዝቅ ያድርጉትና መጠቅለልዎን አያቋርጡ። ሲሮጥ ይተዉት፣ ድራጉ ይሥራ። ጀልባው አጠገብ ሲደርስ በክር ማንሣት ዋነኛው የማጣት ምክንያት ነው፤ መረቡ ውኃ ውስጥ ቀድሞ ይጠብቅ፣ ዓሣው በጭንቅላቱ በኩል ይግባ። ከጅራት በኩል የመጣ መረብ ያስደነግጠዋል።

ከ2024 ወዲህ በቴክሳስ አንድ ሰው በቀን 3 ትራውት ብቻ ማስቀረት ይችላል፤ ርዝመታቸውም ከ15 እስከ 20 ኢንች መሆን አለበት። ከ28 ኢንች የሚበልጥ ለማስቀረት ልዩ ታግ፣ ማለትም የመለያ ምልክት፣ ያስፈልጋል። ካፒቴኑና ረዳቱ አይቆጠሩም፦ 3 ደንበኞች ካሉ ጀልባው በጠቅላላ የሚይዘው 9 ነው። የሚለካው አፉ ተዘግቶ፣ ጅራቱ ተጨምቆ ነው። ከ20 ኢንች የሚያልፉት አብዛኞቹ እንቁላል የሚጥሉ እንስቶች ናቸውና ይህን ገደብ በደስታ ያክብሩት። በፌብሩዋሪ 2021 የነበረው ብርድ በቴክሳስ ዳርቻ፣ በተለይ በደቡቡ፣ ብዙ ትራውት ጨርሷል። ደንቡ የሚታደሰው ሴፕቴምበር 1 ስለሆነ ከመውጣትዎ በፊት የቴክሳስ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍን ዝርዝር ይመልከቱ።

የሚለቁትን በእርጥብ እጅ ይያዙ፣ ስንጥቡን አይንኩ፣ ፎቶውን ከ30 ሰከንድ በታች ይጨርሱ።

ካትፊሽ ከወጣ በእጅ አይንኩት፣ ለካፒቴኑ ይተዉት። የጀርባና የጎን እሾሁ መርዝ አለው። ከወጋዎት ሊቋቋሙት በሚችሉት ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከር ሕመሙን ያስታግሳል። ከጀልባ ወርደው በእግር የሚያጠምዱ ከሆነ እግርዎን ሳያነሡ እየጎተቱ ይራመዱ፤ አሸዋ ውስጥ የተኛው ስቲንግሬይ፣ ጅራቱ ላይ መርዛም እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ፣ እንዲሸሽ ነው። በሞቃታማ ወራት በዚህ ውኃ ውስጥ ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ቁስል ያለበት፣ በተለይም የጉበት በሽታ ወይም ስኳር ያለበት ሰው ውኃ ውስጥ አይግባ፤ ከጭረት በኋላ እብጠትና ቅላት ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ወደ ማዕድ

ቅርፊትና ክንፍ ያለውን ዓሣ ብቻ ለሚበላ ሰው ትራውት ሁለቱም አለው። ወሽመጡ ላይ የሚወጣው ሬድፊሽም እንዲሁ። ካትፊሽ ግን ቅርፊት የለውም፤ በጠዋት ለካፒቴኑ ቢነግሩት አብሮ ኩለር ውስጥ አይገባም።

የትራውት ሥጋ ነጭና በጣም ለስላሳ ነው፣ በሙቀት ወዲያው ይበላሻል። ኩለሩ ውስጥ በረዶ ብቻ ሳይሆን በረዶና የባሕር ውኃ ተቀላቅሎ ዓሣውን ይሸፍነው፤ እንዲህ የተሸፈነ ዓሣ ውኃ በሌለው በረዶ ላይ ከተቀመጠው ይልቅ በጣም ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። እስከ ወደብ ሙሉውን ይቆያል፣ ርዝመቱ መታየት ስላለበት ጀልባ ላይ አይቆረጥም። ሲከፈት ከሥጋው ውስጥ ነጭ ክር የሚመስል ትል ቢታይ አይደናገጡ፤ በትራውት ላይ የተለመደ ነው፣ ተጎትቶ ይወጣል፣ በደንብ የበሰለ ሥጋም አይጎዳም።

የቴክሳስ ጤና መሥሪያ ቤት ግን በሂዩስተን የመርከብ መተላለፊያና በላይኛው ወሽመጥ የሚያዙ አንዳንድ ዓሦችን፣ ትራውትን ጨምሮ፣ በኬሚካል ብክለት ምክንያት በመጠን እንዲበሉ ያሳስባል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ካለ ዝርዝሩን ያንብቡ፣ ካፒቴኑንም ከታችኛው ወሽመጥ ወይም ከዌስት ቤይ እንዲያጠምድ ይጠይቁት።

ለጥብስ ከዚህ የሚሻል ዓሣ በወሽመጡ የለም፦ ጨው፣ ሚጥሚጣና ዱቄት ነስንሰው በጋለ ዘይት ውስጥ በየጎኑ ሦስት ደቂቃ ያህል። ለጉላሽ ግን ይበታተናል፤ ለእሱ ሬድፊሹን ያስቀሩ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲቆይ ሥጋው ይፈራርሳልና የወሰዱትን በሁለት ቀን ውስጥ ይብሉት።